አፉን ሳታዩ መድኃኒት አትግዙ፦ የአትክልት ተባይ መከላከያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ቅጠሉ ተበሳስቷል። ወይም ተጨማዷል። ወይም እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ወዝቶበታል። አብዛኞቻችን ይህን ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ጥያቄ «ምን ልርጭበት?» ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት «ማነው የበላው? በምን ዓይነት አፍ?» የሚለው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ገንዘቤን አባክኜ ነው። ቃሪያዬ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ወጣ። ጥሩ ነው የተባለ ባዮሎጂያዊ ዱቄት ገዛሁና በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ረጨሁ። ክሽክሹ ከቁብም አልቆጠረኝ፤ እንዲያውም በዛ። ዱቄቱ አልተበላሸም፣ እኔም አልተጭበረበርኩም። ዱቄቱ የሚሠራው ቅጠል ቆርጥሞ ለሚውጥ ትል ነው። ክሽክሽ አይቆረጥምም። መርፌ የመሰለ አፉን ቅጠሉ ውስጥ ሰክቶ ጭማቂውን ይመጥጣል። ላዩ ላይ የረጨሁትን አንድም ቀን አልቀመሰውም።

ስለዚህ እዚህ «ምርጡ መድኃኒት ይኼ ነው» የሚል መልስ አታገኙም። ለጓሮ የሚያዋጣው ለሄክታር አያዋጣም፤ ለጎመን ትል የሚሆነው ለነጭ ዝንብ አይሆንም። መመዘኛዎቹን እናስቀድም፣ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

## በምን እንመዝን?

አፉ። ተባዮችን በአፋቸው በሦስት ብንከፍላቸው ነገሩ ይቀላል። ቆርጣሚዎች አሉ፤ አባጨጓሬ፣ ጥንዚዛ፣ ፌንጣ። የእነሱ ምልክት ቀዳዳ፣ የተበላ የቅጠል ጠርዝ እና ጥቁር ፍሬ ፍሬ ኩስ ነው። መጣጮች አሉ፤ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ሜሊባግ (ነጭ ዱቄት የለበሰ የሚመስለው ተባይ)። እነሱ ያሉበት ቅጠል ይጨማደዳል፣ ይገረጣል፣ ማር የመሰለ ወዝ ይወዛል፤ ወዙ ላይ ደግሞ ጥላሸት የሚመስል ሻጋታ ይበቅላል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ከላይ ክሽክሽ እንዳለ ጠርጥሩ። ጉንዳኑ የመጣው ለወዙ ነው፤ በምላሹም የክሽክሹን ጠላቶች ያባርርለታል። ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ቅጠሉን ፍቆ ስለሚመጥጥ የብር ቀለም ያለው ጠባሳ ይተዋል።

ሦስተኞቹ ውስጥ ገቢዎች ናቸው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ቅጠሉን በሁለት ገጹ መካከል ገብቶ ይቦረቡረዋል፤ ፍሬውንም ይበሳል። ግንድ ቦርቧሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ላይ ላዩን ብቻ የሚቀር ርጭት እነሱ ጋ አይደርስም።

በነገራችን ላይ ቀይ ሸረሪት የምንለው ደቃቅ ተባይ ነፍሳት አይደለም። ስምንት እግር አለው። ብዙ የነፍሳት መድኃኒት አይነካውም፤ ይህ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ዕድሜው። ትንሽ ትል እና ትልቅ ትል አንድ ተባይ አይመስሉም። ከእንቁላል በወጣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ያለ ትል በማንኛውም ነገር ይሞታል ማለት ይቻላል። የጠነከረው ግን ብዙ መድኃኒት ይቋቋማል። የበቆሎ ተምች ሲያድግ ደግሞ የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ በሩን ይዘጋል።

ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 በካሊፎርኒያ የነበሩ ተመራማሪዎች ዛሬም የምንሠራበትን ሐሳብ በጽሑፍ አስቀመጡ። ተባይ ታየ ተብሎ አይረጭም፤ የሚረጨው ጉዳቱ ከርጭቱ ወጪ ሊበልጥ ሲቃረብ ነው። ማሳውን በዚግዛግ እየሄዳችሁ 20 ያህል ተክል ገልብጣችሁ እዩ። ስንቱ ላይ ተባይ አለ? ካለፈው ሳምንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ይህን የማያውቅ ሰው በጭፍን ነው የሚረጨው።

የቀሩት መመዘኛዎች አጭር ናቸው። በስንት ቀን ይሠራል? ከተባዩ ሌላ ማንን ይገድላል፤ ንብን? የተባዩን ጠላት? ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት አለበት? ተባዩ ይለምደዋል ወይ? ወጪውስ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያልቅ ነው ወይስ በየሳምንቱ የሚደገም?

## እጅ፣ ውሃ እና ጽዳት

ለትንሽ ቦታ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ቀልድ አይደለም። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ የቅጠሉን ሆድ እየገለበጡ የእንቁላል ክምር መጨፍለቅ፣ ትሉን ለቅሞ የሳሙና ውሃ ውስጥ መጣል። ችግኝ ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ካደረ ጥፋተኛው ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ስለሚተኛ በማታ ባትሪ ይዛችሁ ፈልጉት። ወይም ችግኙን በወፍራም ወረቀት ቀለበት ክበቡት፤ ወረቀቱ ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ይግባ።

ክሽክሽን በጠንካራ የውሃ ግፊት ከቅጠሉ ሥር አጥቦ መጣል ይቻላል። ከወደቀ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። በየሁለት ሦስት ቀኑ መደጋገም ግን ግድ ነው፤ ክሽክሽ ሙቀት ካገኘ ሳይዳራ ሕያው ልጅ ይወልዳል፣ ልጁም በሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳል።

ጽዳቱ ለገበያ አምራችም ይሠራል። በቱታ የተበሳ ቲማቲም ረድፉ ሥር ተጥሎ ከቀረ ትሉ እዚያው አድጎ ይበርራል። ለቅማችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አፉን አስራችሁ ፀሐይ ላይ ተዉት። ሰብል ማፈራረቅ አፈር ውስጥ ለሚያድርና አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ለሚበላ ተባይ ጥሩ ነው፤ ከሩቅ በርሮ ለሚመጣው ግን ብዙም አይረዳም። ናይትሮጅን ያበዛ ሰው ደግሞ ለክሽክሽ ድግስ ደግሷል፤ ለምለምና ለስላሳ ቅጠል ይወዳል።

## መረብ

መረብን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የቫይረስ በሽታ ላለበት አካባቢ ግን እኔ ከመድኃኒት ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። ነጭ ዝንብ፣ ክሽክሽ እና ትሪፕስ ከሚመጥጡት ጭማቂ ይልቅ የሚያመጡት ቫይረስ ይብሳል። አንዳንዱን ቫይረስ ክሽክሽ የሚያስተላልፈው አፉን በሰካ በሰከንዶች ውስጥ ነው። የትኛውም መድኃኒት በዚያ ፍጥነት አይገድልም። ቫይረስ ለገባበት ተክል ደግሞ መድኃኒት የለውም። ከዚያ በኋላ መርጨት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስትገዙ የምታዩት የቀዳዳውን ስፋት ነው። ነጭ ዝንብ እንዳይገባ በተለምዶ የሚመረጠው 50 ሜሽ የሚባለው ነው፤ በአንድ ኢንች ርዝመት 50 ቀዳዳ ማለት ነው። ትሪፕስ ከዚያም የደቀቀ ይፈልጋል። የእሳት እራት ብቻ ከሆነ ሰፋ ያለው ይበቃል። እዚህ ላይ ሰዎች ይሳሳታሉ፦ «የደቀቀው ይሻላል» ብለው ገዝተው ሰብላቸውን ያፍኑታል። ቀዳዳው በደቀቀ ቁጥር አየር ይቀንሳል፣ ሙቀትና እርጥበት ይጨምራል፣ የሻጋታ በሽታ ይከተላል። ለሚያስቸግራችሁ ተባይ የሚበቃውን ሰፊውን ምረጡ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዱባ፣ ዝኩኒ እና አብዛኛው ኪያር ለመዳቀል ንብ ይፈልጋሉ። አበባ ሲጀምሩ መረቡ ካልተገለጠ ወይም በእጅ ካላዳቀላችሁ ፍሬ የለም። ቲማቲምና ቃሪያ ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ችግሩ ቀላል ነው፤ ትንሽ መነቅነቅ ይበቃቸዋል። ሌላው፣ ባለፈው ዓመት በተባዩ ተበልቶ የነበረ መሬት ላይ ያንኑ ሰብል ተክላችሁ ብትሸፍኑ ተባዩን ከጠላቶቹ ጠብቃችሁ አሳደጋችሁት ማለት ነው። ከአፈሩ ይወጣል፣ መረቡ ሥር ተንደላቅቆ ይበላል።

ገንዘብ ከሌለ ማሳውን ሁሉ መሸፈን አያስፈልግም። የችግኝ መደቡን ብቻ ሸፍኑ። ተክሉ ገና ሕፃን ሳለ የገባበት ቫይረስ ነው ምርቱን ድራሹን የሚያጠፋው። ለትንሽ ካሬ ሜትር መረብ ትልቅ ትርፍ የሚገኘው እዚያ ነው።

## ወጥመድ

አጭር ነው። ቢጫው የሚያጣብቅ ሰሌዳ ለነጭ ዝንብና ክንፍ ላወጣ ክሽክሽ፣ ሰማያዊው ለትሪፕስ ይሆናል። የፌሮሞን ወጥመድ ደግሞ የሴቷን ጠረን አስመስሎ ወንዱን ይጠራል። ቃሉን ልብ በሉ፤ ወንዱን። እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ውጭ ናት። አንድ ወንድ ብዙ ሴት ስለሚያዳቅል፣ ጥቂት ወጥመድ ሰቅሎ «ተገላገልኩ» ማለት አይቻልም።

ወጥመድ ቴርሞሜትር በሉት። ትኩሳቱን ይነግራችኋል እንጂ አያወርድም። በየሳምንቱ የገባውን ቁጠሩና ጻፉ፤ ቁጥሩ ድንገት ሲዘል እንቁላል በቅርቡ እንደሚጣል ታውቃላችሁ። ለዚህ ሥራ ከገዛችሁት የሚያስቆጭ አይደለም። በዝግ ግሪን ሃውስ ውስጥ ብዙ ከተሰቀለ መጠነኛ መቀነስም ያመጣል።

## ጠቃሚ ነፍሳት

የዚህ ዘዴ ዝና ከሁለት ታላላቅ ታሪኮች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደች ትንሽ ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻውን ሊያጠፋ የነበረውን ነጭ ቅርፊት ለባሽ ተባይ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ አሸነፈችው። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ደቃቅ ጥገኛ ተርብ በአፍሪካ የካሳቫን ሜሊባግ ተቆጣጠረች። ለዚህ ሥራ ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል።

እነዚህ ግን በመንግሥትና በምርምር ተቋም ደረጃ የተሠሩ ናቸው። በዕቃ ተገዝቶ የሚለቀቀው ሌላ ነገር ነው። በግሪን ሃውስ ውስጥ በጣም ይሠራል። ኤንካርሲያ ፎርሞሳ የምትባለው ተርብ በነጭ ዝንብ ኩብኩባ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ፋይቶሴዩለስ የሚባለው አዳኝ ቀይ ሸረሪትን እያሳደደ ይበላል። የሚለቀቁት ግን ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ ነው። ማሳው ከነደደ በኋላ ከገዛችኋቸው ገንዘባችሁን ነው የለቀቃችሁት። ቀድሞ የተረጨ ጠንካራ ኬሚካል ቅሪቱ ለሳምንታት ሊገድላቸው ስለሚችል፣ ይህን መንገድ የመረጠ ሰው የመርጫ ፕሮግራሙን አስቀድሞ መለወጥ አለበት።

ሜዳ ላይ ጥንዚዛ ገዝቶ መልቀቅን አልመክርም። ክንፍ አላት፤ ትሄዳለች። ለሜዳ የሚያዋጣው ያሉትን ማቆየት ነው። ድንብላልና ኢንስላል አበባቸው ደቃቅ ስለሆነ ለጥገኛ ተርቦች ምግብ ናቸው፤ ከዳር ከዳር ተክላችሁ እንዲያብቡ ተዉአቸው። ደግሞ ወዳጅን ከጠላት ለዩ። ባለ ነጠብጣቧን ቀይ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፤ ልጇን ግን ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቃታል። ትንሽ ጥቁር አዞ ትመስላለች፣ ብርቱካናማ ምልክት አላት፣ ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ስትበላ ትውላለች። አብጦ የደረቀ ቡናማ ክሽክሽ ካያችሁ ውስጡ ተርብ አለ። አትርጩ፤ ጥቂት ቀን ታገሱ።

## ቢቲ እና ዘመዶቹ

መግቢያው ላይ የወቀስኩት ዱቄት ቢቲ ነው፤ ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ። ወቀሳው ለእኔ ይገባል እንጂ ለእሱ አይደለም። ለትል እጅግ ጥሩ አማራጭ ነው። ባክቴሪያውን መጀመሪያ ያገኘው ጃፓናዊው ሺጌታኔ ኢሺዋታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የሐር ትሎች ለምን እንደሚሞቱ ሲመረምር ነው። ኤርንስት በርሊነር በ1911 በጀርመኗ ቱሪንጂያ በዱቄት የእሳት እራት ላይ በድጋሚ አገኘው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። በ1938 ፈረንሳይ ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ።

አሠራሩን ካወቃችሁ አጠቃቀሙ ራሱ ግልጽ ይሆናል። ትሉ ቅጠሉን ሲበላ የባክቴሪያው ክሪስታል አንጀቱ ውስጥ ይሟሟና የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳል። ስለዚህ መበላት አለበት፤ ትሉ የሚበላበትን ገጽ ሁሉ መንካት አለበት። ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፣ የሚሞተው ግን ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። በማግስቱ ትሉን በሕይወት አይታችሁ «አልሠራም» ብላችሁ ሌላ አትርጩበት። ቅጠሉ አዲስ ተበልቷል ወይ? እሱን እዩ። የፀሐይ ጨረር በጥቂት ቀን ስለሚያጠፋው ማምሻውን ይረጫል፣ ትል እስካለ ድረስም በየ5 እስከ 7 ቀኑ ይደገማል። ለትንንሽ ትል እንጂ ለጎረምሳ ትል አይሆንም።

ትልቁ ጥቅሙ መራጭነቱ ነው። የትል ዓይነቱ ንብን፣ ጥንዚዛዋን፣ ተርቧን አይነካም። በብዙ አገር ሌብሎች ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ ያለው የመቆያ ጊዜ በጣም አጭር ነው ወይም የለም። ዕሽጉ ላይ ግን የዝርያውን ስም አንብቡ። ኩርስታኪ የሚለው ለአትክልት ትል ነው። እስራኤለንሲስ የሚለው ለወባ ትንኝ እጭ ነው፤ ጎመን ላይ ረጭታችሁ ተአምር አትጠብቁ።

ዘመዱ ቦቬሪያ ባሲያና ፈንገስ ነው። መበላት አያስፈልገውም፤ የነፍሳቱን ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ለነጭ ዝንብ፣ ለክሽክሽ፣ ለትሪፕስም ይሆናል። እርጥበት ይፈልጋል፣ ቀስ ይላል። በዚያው ሰሞን የሻጋታ መድኃኒት ከረጫችሁ ፈንገሱን ራሳችሁ ልትገድሉት ትችላላችሁ።

ስፒኖሳድ ደግሞ መሐል ላይ ያለ ነው። ከአፈር ባክቴሪያ ይሠራል፣ በብዙ አገር ለኦርጋኒክ እርሻ ይፈቀዳል፣ ፍጥነቱ ግን ከኬሚካል አይተናነስም። ለትል፣ ለትሪፕስ እና ለቅጠል ቦርቧሪ ይሠራል። እርጥብ ሳለ ግን ንብ ይገድላል፤ በደጋገማችሁት ቁጥርም ተባዩ ይለምደዋል።

## ሳሙና፣ ዘይት፣ ኒም

ሦስቱ አብረው ይወራሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል።

ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሳለ የነካውን ለስላሳ ነፍሳት ብቻ ነው። ከደረቀ ዋጋ የለውም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበጠበጣል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና የዕቃ ፈሳሽ ሌላ ነገር ናቸው፣ ቅጠል ያቃጥላሉ። ውሃው ጨዋማ ወይም ከባድ ከሆነ ሳሙናው አረፋ በመስጠት ፈንታ ይቋጠራል፤ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

ዘይት የነፍሳቱን መተንፈሻ ደፍኖ ያፍናል። እንቁላልንም ይገድላል፣ ይህ ብርቅ ጥቅም ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ወይም ተክሉ ውሃ ሲጠማው ሳሙናም ዘይትም አትርጩ። ሰልፈር ከተረጨ ሳምንታት ካላለፉ ዘይት ማስከተል ቅጠሉን ይጠብሰዋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ።

ኒም ውስጥ ያለው ዋና ነገር አዛዲራክቲን ይባላል። ነፍሳቱን ምግብ ያስጠላዋል፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግም ያግደዋል። ስለዚህ ቀስ ይላል፤ ውጤቱን ለማየት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ለጎልማሳ ተባይ ደካማ ነው። ስትገዙ ሌብሉ ላይ የአዛዲራክቲን መጠን ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ፣ ንጥረ ነገሩ ወጥቶለት ተራ ዘይት የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል።

ስለ ቤት ውስጥ ቅመማ አንድ ነገር ልበል፤ የትምባሆ ውሃ አትሥሩ። «ተፈጥሯዊ ነው» ይባላል፣ ልክ ነው፤ ኒኮቲን ግን በቆዳ ጭምር የሚገባ ከባድ መርዝ ነው። በዚያ ላይ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ወደ ቲማቲምና ቃሪያ ሊያመጣ ይችላል። ከአበባ የሚወጣው ፓይሬትረምም ተፈጥሯዊ ነው፤ ንብና ዓሣ ግን ይገድላል።

## ኬሚካል

ኬሚካልን እንደ ሰይጣን አልቆጥርም። ሄክታር ሙሉ ጎመን በትል ሲወረር በእጅ አይለቀምም። ግን ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ጤና ብቻ አይደለም። ኬሚካል የሚያልቅ ሀብት ነው። ተባዩ ይለምደዋል።

የጎመኑን ዳይመንድባክ የእሳት እራት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጃቫ ደሴት ዲዲቲ የተባለውን የነፍሳት መድኃኒት መቋቋሙ ታወቀ። ከዚያ በየተራ የመጣለትን ሁሉ ለመደ። በ1990 ደግሞ በሃዋይ ማሳ ላይ ቢቲን ሳይቀር መቋቋሙ ተዘገበ። የሚማረው እንዴት ነው? አይማርም። ከሺህ ትሎች ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው ይተርፋሉ፤ ያንኑ መድኃኒት ስትደጋግሙ የተረፉት ብቻ ይራባሉ።

መፍትሔው ሌብሉ ላይ አለ። አይራክ የሚባለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መድኃኒቶችን በአገዳደላቸው ቁጥር ሰጥቷቸዋል። 1ቢ ኦርጋኖፎስፌት፣ 3ኤ ፓይሬትሮይድ፣ 4ኤ ኒዮኒኮቲኖይድ፣ 5 ስፒኖሳድ፣ 6 አባሜክቲንና ኢማሜክቲን፣ 28 ክሎራንትራኒሊፕሮል እና ዘመዶቹ። የንግድ ስሙ ቢለያይም ቁጥሩ አንድ ከሆነ ለተባዩ አንድ መድኃኒት ነው። ሦስት ዓይነት ጠርሙስ ገዝቶ ሦስቱም 3ኤ የሆኑበት ሰው አይቻለሁ። «እያፈራረቅኩ ነው» ይል ነበር። የምታፈራርቁት ቁጥሩን ነው፤ ለአንዱ የተባይ ትውልድ አንድ ቁጥር፣ ለሚቀጥለው ሌላ።

ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን ገዳዩ ነው። ፓይሬትሮይድ ዛሬ ረጭታችሁ ማምሻውን ሬሳ ታያላችሁ፣ ደስ ይላል። በሁለት ሳምንቱ ግን ቀይ ሸረሪት ይፈነዳል። የሚበሉት አዳኞች አብረው ስለሞቱ ነው፤ እሱን ደግሞ መድኃኒቱ ብዙም አልነካውም። አሁን ሌላ ጠርሙስ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ዋጋ ስታሰሉ ይህን ሁለተኛውን ደምሩበት። ኒዮኒኮቲኖይዶች ለመጣጮች ጥሩ ይሠራሉ፤ ጭማቂው ውስጥ ስለሚገቡ። ግን የአበባው ወለላ ውስጥም ይገባሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስቱን ከቤት ውጭ እርሻ ላይ የከለከለው ለንቦች ብሎ ነው።

ለገበያ አምራች ደግሞ ወሳኙ መመዘኛ ብዙ ጊዜ የመቆያው ጊዜ ነው። ቲማቲምና ኪያር ማፍራት ከጀመሩ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለቀማሉ። ሌብሉ 14 ቀን ጠብቅ የሚል መድኃኒት ለእነሱ አይሆንም፤ ወይ ምርቱ ይበሰብሳል ወይ መርዙ ለበላተኛው ይደርሳል። እንዲህ ያለውን፣ መድረስ ካለበት፣ ከአበባ በፊት ጨርሱት። ፍሬ ሲመጣ ወደ ቢቲ፣ ሳሙና እና አጭር መቆያ ወዳላቸው ተሻገሩ። ለአንድ ጊዜ ለቀማ ብቻ የሚደርሰው ጥቅል ጎመን ሰፋ ያለ ምርጫ አለው።

ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽር። ከሌብሉ መጠን አትጨምሩ። ወደ ውሃ ወይም ለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አትገልብጡ፤ ሕፃናት የሚጠጡት እንዲህ ሲሆን ነው።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ለየትኛው ተባይ | ፍጥነት | ለጠቃሚ ነፍሳት | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|---|
| እጅ፣ ውሃ፣ ጽዳት | ትል፣ ክሽክሽ፣ ቆራጭ ትል | ወዲያው | ጉዳት የለውም | ገንዘብ ትንሽ፣ ጉልበት ብዙ |
| መረብ | ሁሉም በራሪ፣ በተለይ ቫይረስ አምጪዎች | ቀድሞ የሚከላከል | አዳቃይንም ያግዳል | መጀመሪያ ብዙ፣ ለዓመታት ያገለግላል |
| ወጥመድ | ነጭ ዝንብ፣ ትሪፕስ፣ የእሳት እራት | ለመቁጠር | ቢጫው ጥቂት ይይዛል | ዝቅተኛ |
| የተገዙ ጠቃሚ ነፍሳት | ነጭ ዝንብ፣ ቀይ ሸረሪት፣ ትሪፕስ | ሳምንታት | ይደግፋል | ከፍተኛ፣ ዕውቀት ይፈልጋል |
| ቢቲ | ትንንሽ ትል ብቻ | ከ2 እስከ 5 ቀን | አይነካም | መካከለኛ፣ ይደጋገማል |
| ቦቬሪያ | መጣጮች | ቀርፋፋ | መጠነኛ | መካከለኛ፣ እርጥበት ይፈልጋል |
| ሳሙና፣ ዘይት | ለስላሳ መጣጮች፣ ቀይ ሸረሪት | በሰዓታት | የነካውን ብቻ | ዝቅተኛ፣ ይደጋገማል |
| ኒም | ሕፃናት ተባዮች | ሳምንት ገደማ | ብዙም አይጎዳም | መካከለኛ |
| መራጭ ኬሚካል (ለምሳሌ 28) | በአብዛኛው ትል | ከ1 እስከ 4 ቀን | ከሁሉን ገዳዩ ይሻላል | ውድ |
| ሁሉን ገዳይ ኬሚካል (1ቢ፣ 3ኤ) | ብዙ ዓይነት | በሰዓታት | ይጨርሳል | ሲገዙት ርካሽ |

## ታዲያ የቱን?

ጥቂት መደብ ጓሮ ላላችሁ፦ እጅና ውሃ ይበቃችኋል። ጎመን ላይ ትል ከበዛ ቢቲ፣ ክሽክሽ ከበዛ ሳሙና ጨምሩ። ኬሚካል መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ትንሹ ጠርሙስ እንኳ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አደጋ ይሆናል።

እየሸጣችሁ ለምታመርቱ፣ ግን አቅም ለጠበባችሁ፦ ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት። መጀመሪያ ለችግኝ መደብ መረብ። ከዚያ ለመቁጠር ጥቂት ወጥመድ። ከዚያ ቢቲ። የተረፈው ለአንድ መራጭ መድኃኒት ይሁን፤ እሱንም ቁጥሩ ሲያስገድድ ብቻ። ርካሹን 3ኤ በየሳምንቱ ከመርጨት ውዱን 28 በወቅቱ አንድ ሁለቴ መርጨት በወቅቱ መጨረሻ ሲደመር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ግሪን ሃውስ ላላችሁ፦ በሩን ድርብ አድርጉት፣ መስኮቱን በመረብ ሸፍኑ፣ ከዚያ ጠቃሚ ነፍሳት ውስጥ ግቡ። በጠቃሚ ነፍሳት ላይ ኢንቨስት ማድረግ የሚያዋጣው እዚህ ነው። የምትረጩት ሁሉ ከእነሱ ጋር የሚስማማ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ።

ሰፊ ማሳ ላላችሁ፦ ዋናው ወጪያችሁ ማሳውን እየዞረ የሚቆጥር ሰው ይሁን። በየሳምንቱ ለሚቆጥር ሠራተኛ የምትከፍሉትን፣ ሳይረጩ ከሚቀሩት ርጭቶች የአንዱ ወጪ ብቻ ሊሸፍነው ይችላል። የዓመቱን የአይራክ ቁጥር ተራ ሳትዘሩ በፊት ጻፉት።

ኦርጋኒክ ለምትሸጡ፦ ስፒኖሳድን ለክፉ ቀን አስቀምጡት። አሠራሩን ቢቲው ክፍል ላይ፣ ቁጥሩን ኬሚካሉ ክፍል ላይ አይታችኋል፤ ቁጥሩ 5 ነው፣ ተባዩም እንደማንኛውም ይለምደዋል።

የመረጣችሁት ነገር መሥራቱን የምታውቁት በአንድ መንገድ ነው። ከመርጨታችሁ በፊት 20 ተክል ላይ ምልክት አስራችሁ ቁጠሩ። ከጫፍ አንድ አጭር ረድፍ ሳትረጩ ተዉ። ለፈጣኑ ከሦስት ቀን፣ ለዝግተኛው ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ሁለቱንም ቁጠሩ። ባልተረጨው ረድፍም ተባዩ እኩል ከቀነሰ የሠራው ዝናቡ ወይም ጥንዚዛዋ ናት፤ ለሚቀጥለው ዙር ያሰባችሁትን ጠርሙስ አትግዙ።